ባሕሩን አምነው የነበሩት የአየር ጠባይ ባለሙያ፦ አይዛክ ክላይን

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900፣ ቅዳሜ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የጋልቨስተን ከተማ የአየር ጠባይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበሩት አይዛክ ክላይን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረዱ። ያሳሰባቸው ነፋሱ አልነበረም። ነፋሱ ከሰሜን፣ ማለትም ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍስ ስለነበር ውኃውን ከጠረፉ ገፍቶ ማራቅ ይገባው ነበር። ባሕሩ ግን ነፋሱን ተቃውሞ ወደ ከተማይቱ ይወጣ ነበር፤ ከጠረፉ አጠገብ ያሉት ዝቅተኛ መንገዶችም ውኃ ለብሰው ነበር። ከሩቅ የሚመጡት ሞገዶች ከባድና ዘገም ያሉ፣ በመካከላቸውም ረጅም ፋታ ያላቸው ነበሩ። ክላይን ወዲያው ወደ ዋሽንግተን ቴሌግራም ላኩ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በጋዜጣ ላይ ሊሆን አይችልም ብለው የጻፉት ነገር በዓይናቸው ፊት መሆን ጀምሮ ነበር።

ክላይን የተወለዱት ኦክቶበር 13 ቀን 1861 በቴኔሲ ግዛት፣ በማዲሰንቪል አቅራቢያ ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ አየርን መከታተልና ትንበያ ማውጣት የጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል ሥራ ነበር። ቴሌግራፍ በእጁ ያለው እርሱ ስለሆነ፣ ከመቶ ከሚበልጡ ጣቢያዎች በአንድ ሰዓት የተለካውን የአየር ግፊት፣ ሙቀትና ነፋስ አሰባስቦ በካርታ ላይ ማኖር የሚችለውም እርሱ ነበር። ወጣቱ ክላይን በ1882 በዚህ ክፍል ተቀጠሩ። በአርካንሶ ግዛት በሊትል ሮክ ጣቢያ ሳሉ ከሥራ በተረፋቸው ጊዜ ሕክምና ተምረው በ1885 የሐኪምነት ማዕርግ አገኙ። አሳባቸው ግን በሽተኛ ማከም አልነበረም፤ የአየር ጠባይ በሰው ጤና ላይ የሚያደርሰውን ለማወቅ ፈልገው ነበር። ከዚያም ወደ ቴክሳስ ተዛወሩ፤ በአቢሊን ከተማ ኮራ ሜይ ቤሎ የተባሉትን ወይዘሪት በ1887 አገቡ፤ ሦስት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። በ1889 የጋልቨስተን ጣቢያ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ታናሽ ወንድማቸው ጆሴፍም በኋላ በዚያው ጽሕፈት ቤት ረዳታቸው ሆነው ሠርተዋል።

ጋልቨስተን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተዘረጋች ረጅምና ጠባብ የአሸዋ ደሴት ናት። ከተማይቱ በዘመኑ ከአሜሪካ ታላላቅ የጥጥ ወደቦች አንዷ ስትሆን፣ በ1900 ቆጠራ ወደ 38 ሺህ የሚጠጉ ነዋሪዎች ነበሯት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍተኛ ሥፍራ ግን ሦስት ሜትር አይሞላም ነበር። በስተደቡቧ ባሕረ ሰላጤው፣ በስተሰሜኗ ከየብስ የሚለያት የውስጥ ውኃ አለ፤ ሁለቱ ውኃዎች ቢነሡ ሰው የሚወጣበት ኮረብታ የለም። በዚያው ጠረፍ ኢንዲያኖላ የተባለች የወደብ ከተማ በ1875 በአውሎ ነፋስ ተመታ፣ እንደገና ተሠርታ በ1886 ሁለተኛ በመመታቷ ነዋሪዎቿ ጥለዋት ሄዱ። የጋልቨስተን ሰዎች ይህን አይተው በባሕሩ ፊት ግንብ ስለ መሥራት ተነጋገሩ። ይሁን እንጂ ንግዱ እያበበ፣ ሰማዩም ጸጥ እያለ ሲሄድ ወሬው ተረሳ።

ክላይንም በዚህ መርሳት ውስጥ ድርሻ ነበራቸው። በጁላይ 1891 አንድ አውሎ ነፋስ የቴክሳስን ጠረፍ ነክቶ ካለፈ በኋላ፣ በከተማይቱ ጋዜጣ ላይ ሰፊ ጽሑፍ አወጡ። በዚህ ጽሑፍ ከካሪቢያን የሚነሡት ታላላቅ አውሎ ነፋሶች በተፈጥሮ ሕግ ወደ ሰሜንና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚታጠፉ ቴክሳስን እንደማይደርሱባት፣ የደረሱባትም ከልማድ የወጡ መሆናቸውን አብራሩ። የባሕር ሙላት ቢመጣ እንኳ ከደሴቲቱ በስተሰሜን ያለው ዝቅተኛ የየብስ ሜዳ ውኃውን ስለሚቀበለው ከተማይቱን የሚጎዳ ማዕበል ሊፈጠር እንደማይችል፣ ይህን መፍራትም ከንቱ ቅዠት እንደ ሆነ ጻፉ። ይህን የጻፉት የ29 ዓመት ሰው፣ በከተማይቱ ስለ አየር ጠባይ ከእርሳቸው የበለጠ ያውቃል የሚባል ሰው ያልነበረ ባለሙያ ነበሩ። ግንቡ ሳይሠራ የቀረው በዚህ ጽሑፍ ብቻ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ገንዘብ ማውጣት ላልፈለጉት ሁሉ ግን የሊቅ ምስክርነት ሆኖላቸዋል።

ስሕተቱ የት ላይ እንደ ነበር መግለጽ ያስፈልጋል፤ የኋለኛው የክላይን ሕይወት በሙሉ በዚህ ነጥብ ዙሪያ የሚዞር ነውና። በዘመኑ ብዙዎች ከጋልቨስተን ፊት ለፊት ያለው የባሕር ወለል በዝግታ እየጠለቀ የሚሄድ በመሆኑ ማዕበሉን ሰባብሮ ያደክመዋል ብለው ያምኑ ነበር። እውነቱ ተቃራኒው ነው። በጥልቅ ባሕር ላይ ነፋስ የሚገፋው ውኃ ከታች ተመልሶ የሚፈስበት ቦታ ያገኛል። ጥልቀት በሌለው ጠረፍ ግን መመለሻ ስለሚያጣ ይከማቻል፤ ከፍታውም እየጨመረ እንደ ደራሽ ጎርፍ ወደ የብስ ይወጣል። ከደጋ አገር ለመጣ አንባቢ አውሎ ነፋስ ሲባል ቀድሞ የሚታየው የተነቀለ ዛፍና የተገለጠ ጣራ ይሆናል። በባሕር ዳር ግን ብዙውን ጊዜ አብዛኛውን ሰው የሚገድለው ውኃው ነው።

በ1900 የኦገስት ወር መጨረሻ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የተነሣው የአየር መታወክ በካሪቢያን ደሴቶች በኩል አልፎ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ኩባ ሲደርስ ገና ጉልበት ያልያዘ፣ ከነፋሱ ይልቅ ዝናቡ የከበደ ነበር። ስለዚህ ገና በማደግ ላይ ስላለ አውሎ ነፋስ በወቅቱ ሁለት አስተያየቶች ነበሩ። በሃቫና ቤተ ልሔም በሚባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ኮሌጅ ውስጥ፣ አባ ቤኒቶ ቪኜስ ከ1870 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1893 ድረስ ደመናን፣ ነፋስንና የአየር ግፊትን እየመዘገቡ ያቋቋሙት የትንበያ ትምህርት ቤት ነበረ። ተከታዮቻቸውም አውሎ ነፋሱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቴክሳስ አቅጣጫ የሚሄድ መሆኑን ተመልክተው ነበር። ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ደግሞ ወደ ሰሜን ታጥፎ በፍሎሪዳ በኩል ወደ አትላንቲክ ይመለሳል ብሎ ያምን ነበር። ኩባ ያን ጊዜ በአሜሪካ ጦር ሥር ነበረች። የመሥሪያ ቤቱ ሹማምንት የኩባውያኑን ትንበያ ሕዝብን ያለ ምክንያት የሚያሸብር አድርገው ስለ ቆጠሩት፣ የአየር ጠባይ ነክ መልእክቶቻቸው በመንግሥት ቴሌግራፍ እንዳይተላለፉ አስከልክለው ነበር። መርከቦችም በዚያ ጊዜ ሬዲዮ ስላልነበራቸው ባሕረ ሰላጤው መካከል ገብቶ በሞቃቱ ውኃ ላይ ጉልበቱ እጥፍ ድርብ የሆነውን አውሎ ነፋስ ያዩት መርከበኞች ለማንም ሊናገሩ አልቻሉም።

ዓርብ ሴፕቴምበር 7 ከረፋዱ 5፡35 ላይ በዋሽንግተን ትእዛዝ በጋልቨስተን የማስጠንቀቂያ ሰንደቅ ተሰቀለ። በሥርዓቱ መሠረት የአካባቢ ኃላፊ ከዋና መሥሪያ ቤቱ ሳይፈቀድለት የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ማውጣት አይችልም ነበር። ቅዳሜ ጧት የባሮሜትሩ ንባብ እምብዛም ዝቅ አላለም፤ ነዋሪዎችም ልጆቻቸውን እየያዙ ትላልቆቹን ሞገዶች ለማየት ወደ ባሕር ዳር ይወጡ ነበር። በዚያ ሰዓት ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ይልቅ አደጋውን የተናገረው ነፋስን ተቃውሞ የሚነሣው ባሕር ነበር። ክላይን ኋላ ባወጡት ጽሑፍ በፈረስ ጋሪ በባሕሩ ዳርቻ እየተመላለሱ ሕዝቡ ወደ ከፍታ ቦታ እንዲሸሽ እንዳስጠነቀቁ፣ በዚህም በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንደ ዳኑ ገልጸዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ከአደጋው የተረፉት ሰዎች በተዉት ቃል ውስጥ ለዚህ በቂ ድጋፍ ባለማግኘታቸው ይጠራጠሩታል። ማስጠንቀቂያ አልሰጡም ለማለት ግን ማስረጃ የለም። ምናልባት እውነቱ በሁለቱ መካከል ሊሆን ይችላል።

ከሰዓት በኋላ ደሴቲቱን ከየብስ የሚያገናኙት ድልድዮች ተቆረጡ። በ9፡30 ገደማ ከተማይቱ በውኃ እየተዋጠች መሆኗን የሚያስረዳ የመጨረሻ መልእክት ተላለፈ፤ ከዚያ በኋላ ሽቦዎቹ ሁሉ ተበጠሱ። ምሽት 12፡15 ላይ የነፋሱ መለኪያ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከመዘገበ በኋላ ራሱ ተነቅሎ ሄደ።

ክላይን ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ እየተራመዱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ባለቤታቸው ነፍሰ ጡር ሆነው ታመው በአልጋ ላይ ነበሩ። ቤቱ ጽኑ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ጎረቤቶች ተጠልለውበት ነበር። ጆሴፍ ሁሉም ወደ መሐል ከተማ እንዲሸሹ መከሩ፤ ታላቅ ወንድማቸው ግን ቤቱን አምነው ለመቆየት ወሰኑ። በዚያ ሰዓት ታማሚ ሴትና ሕፃናትን ይዞ በዚያ ጎርፍ ውስጥ መውጣት ራሱ ሞት ሊሆን ይችል ነበርና ማን ትክክል እንደ ነበር ዛሬ መፍረድ አይቻልም። ከምሽቱ 1፡30 ላይ ክላይን በፊት ለፊት በር ቆመው ሳለ ውኃው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ በድንገት ከፍ አለ። ይህ ተራ ሞገድ አልነበረም፤ ባሕሩ በሙሉ ወደ ከተማይቱ መግባቱ ነበር። በቤታቸው አካባቢ የውኃው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሜትር ተኩል አልፏል።

ቤቱ ራሱ በነፋስ አልወደቀም። ከምሽቱ 2፡30 ገደማ ማዕበሉ ነቅሎ ያመጣው ረጅም የሐዲድ ድልድይ ቁራጭ ግድግዳውን ደጋግሞ መትቶ ገለበጠው። ጆሴፍ ሁለቱን ትላልቅ ልጆች በእጃቸው ይዘው በመስኮት ወጡ። ክላይን፣ ባለቤታቸውና የስድስት ዓመቷ ትንሽ ልጃቸው አስቴር ከፍርስራሹ በታች ገቡ። ራሳቸውን ስተው የነበሩት ክላይን ሲነቁ ውኃው ወደ ላይ አውጥቷቸው ነበር፤ በመብረቅ ብልጭታም አስቴርን አጠገባቸው ስትንሳፈፍ አይተው ያዟት። ወንድማማቾቹና ሦስቱ ልጆች በጨለማ ተገናኝተው በፍርስራሽ ላይ ወደ ሦስት ሰዓት ያህል ሲንገላቱ ቆዩ። ከተጠለሉት ወደ ሃምሳ ሰዎች በሕይወት የተረፉት 18 ገደማ ነበሩ። የኮራ ክላይን አስከሬን የተገኘው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ቤተሰቡን ተሸክሞ ከነበረው ፍርስራሽ ሥር ሲሆን፣ የታወቁትም በጣታቸው ባለው ቀለበት ነው።

በጋልቨስተን የሞተው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ በትክክል አይታወቅም። ከ6 ሺህ እስከ 12 ሺህ ይገመታል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 8 ሺህ ነው። ከ3,600 የሚበልጡ ቤቶች ፈርሰዋል። በአሜሪካ ታሪክ በተፈጥሮ አደጋ ይህን ያህል ሕይወት የጠፋበት ሌላ ቀን የለም።

ክላይን በዚያው ወር ለመሥሪያ ቤታቸው ያቀረቡት ዘገባ ልዩ ሰነድ ነው። የአየር ግፊት፣ የነፋስ አቅጣጫና የውኃ ከፍታ በሰዓት በሰዓት ተዘርዝሮበታል፤ በዚያው የቢሮ ቋንቋም የገዛ ሚስታቸው ሞት ተመዝግቧል። ከመጨረሻው ገጾች በአንዱ ላይ ደግሞ ከተማይቱ የባሕር ግንብ ቢኖራት ኖሮ ብዙ ሕይወትና ንብረት ይተርፍ እንደ ነበር ጽፈዋል። የ1891ን ጽሑፋቸውን በስም አላነሡም። ሆኖም ሁለቱን ጽሑፎች አጠገብ ለአጠገብ አኑሮ የሚያነብ ሰው ሌላ ኑዛዜ አያስፈልገውም።

በ1901 ወደ ኒው ኦርሊንስ ተዛውረው የባሕረ ሰላጤው ጠረፍ ትንበያ ኃላፊ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በተከታተሏቸው ዓመታት ያልተለመደ ትጋት ያሳዩበት ጉዳይ የባሕር ሙላት ነው። በጠረፉ ላይ በየወደቡ የተተከሉትን የውኃ ከፍታ መለኪያዎች መዛግብት ሰብስበው፣ እያንዳንዱ አውሎ ነፋስ በየሰዓቱ ከነበረበት ሥፍራ ጋር አመዛዘኗቸው። በጨረቃና በፀሐይ ስበት በየዕለቱ የሚወጣውንና የሚወርደውን ልማደኛ ከፍታ ቀንሰው፣ የቀረው በአውሎ ነፋሱ ኃይል የተነሣው ውኃ ብቻ እንዲሆን አደረጉ። ያገኙት ውጤት ቀላልና ከባድ ነበር። አውሎ ነፋሱ ገና በባሕር መካከል ሳለ የሚያስነሣቸው ሞገዶች ከእርሱ ቀድመው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ በአንድ ወደብ ያለው ውኃ በግራና በቀኙ ካሉት ይልቅ አለማቋረጥ ከፍ ካለ፣ የአውሎ ነፋሱ ማዕከል ወደዚያ እየመጣ ነው ማለት ነው። ከፍ የሚለው ሥፍራ ከተቀየረ ደግሞ አውሎ ነፋሱ መንገዱን ቀይሯል። በባሕር ላይ ጣቢያ፣ አውሮፕላንም ሆነ ሳተላይት ባልነበረበት ዘመን ይህ በማይታየው ባሕር ላይ የተከፈተ መስኮት ነበር። የጋልቨስተኑ ቅዳሜ ጧት ሲናገር የነበረው በትክክል ይህንን ነው።

ይህንንም በ1920 በአሜሪካ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት መጽሔት፣ ከዚያም በ1926 ስለ ሐሩራማ አውሎ ነፋሶች በታተመው መጽሐፋቸው አስፍረውታል። በመጽሐፉ ከ1900 እስከ 1924 የአሜሪካን ጠረፍ ከመቱት አውሎ ነፋሶች 16ቱን መርምረዋል። ውኃው ከሁሉ አብልጦ የሚከማቸው በአውሎ ነፋሱ መንገድ በስተቀኝ እንደ ሆነ፣ በጉዞ ላይ ያለ አውሎ ነፋስ ከባዱን ዝናብም የሚያወርደው በአመዛኙ ከፊቱ በስተቀኝ ባለው ክፍል እንደ ሆነ አሳይተዋል። ምክንያቱ በሰሜናዊው የምድር ክፍል ነፋሱ ማዕከሉን ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ስለሚዞር፣ በቀኝ በኩል የነፋሱ ፍጥነትና የአውሎ ነፋሱ ጉዞ ስለሚደመሩ ነው። በ2007 ጎኑ፣ በ2018 ደግሞ መኩኑ የተባሉት አውሎ ነፋሶች የኦማንን ጠረፍ ሲመቱ በዚያ የነበሩ ሰዎች ከነፋሱ እኩል ዝናቡና ጎርፉ ምን ያህል እንደሚያጠፋ ያስታውሳሉ። በዐረብ ባሕርም የሚሠራው ሕግ ይኸው ነው።

ዕውቀቱ የተፈተነው ገና መጽሐፍ ሳይሆን፣ በ1915 ነበር። በኦገስት ወር ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ጋልቨስተንን መታ። ከተማይቱ ግን ከ1902 እስከ 1904 ከ5 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የባሕር ግንብ ሠርታ፣ ቤቶቿንም ሳይቀር በማንሻ እያነሣች ከሥራቸው አሸዋ ሞልታ መሬቷን ከፍ አድርጋ ስለ ነበር በውስጧ የሞቱት ጥቂቶች ነበሩ። በሴፕቴምበር 29 ደግሞ ሌላ አውሎ ነፋስ ወደ ክላይን ወደ ራሳቸው ከተማ መጣ። በዚህ ጊዜ የአካባቢው ኃላፊ ዝምታን አልመረጡም። ገና ማዕከሉ በባሕር ሳለ ማስጠንቀቂያው በቴሌግራፍ፣ በስልክና በመልእክተኛ በሉዊዚያና ረግረጋማ ጠረፍ ወዳሉት መንደሮች ሁሉ ተላከ፤ ብዙ ሰውም ወደ ውስጥ ሸሸ። በኒው ኦርሊንስ የተለካው የአየር ግፊት እስከዚያ ጊዜ በአሜሪካ የየብስ ጣቢያዎች ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛ ነበር። በሉዊዚያና 275 ገደማ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ማስጠንቀቂያው ደርሷቸው ከቤታቸው አንወጣም ያሉ እንደ ነበሩ ክላይን ጽፈዋል። ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። ሆኖም ከ15 ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር በመካከላቸው የቆመው ልዩነት አስቀድሞ መናገር ነው።

የሚሲሲፒ ወንዝ ሙላት ትንበያም በኃላፊነታቸው ሥር ነበር፤ በ1912ና በ1927 በደረሱት ታላላቅ ጎርፎች ጊዜም ውኃው ወደ ታችኛው ሸለቆ ከመድረሱ በፊት ከፍታውን አስታውቀዋል።

ክላይን በ1935 ከ50 ዓመት በላይ ካገለገሉበት ሥራ ጡረታ ከወጡ በኋላ በኒው ኦርሊንስ የድሮ ሥዕሎችና የጥበብ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ ከፍተው ይሠሩ ነበር። በ1945 የሕይወት ታሪካቸውን አሳተሙ። በማግስቱ ዓመት ወንድማቸው ጆሴፍም ስለዚያች ሌሊት የራሳቸውን መጽሐፍ አወጡ፤ ሁለቱ መጻሕፍት በሁሉም ነገር አይስማሙም። በአንድ ፍርስራሽ ላይ ተያይዘው የዳኑት ወንድማማቾች ከጋልቨስተን በኋላ ቀስ በቀስ ተራርቀው ነበር። አይዛክ ክላይን ኦገስት 3 ቀን 1955 በ93 ዓመታቸው በኒው ኦርሊንስ ዐረፉ። ጆሴፍም ከሳምንት ገደማ በኋላ ተከተሏቸው።